ሳልጽፋቸው የቀሩ የለቅሶ መንገዶች

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ቢኖር በአባቴ መኪና ደብተር ላይ ያሰመርኳቸው መስመሮች ብቻ ናቸው። ሰው ፊት መናገርም ይከብደኛል። ይህን የምጽፈው ባለፈው ግንቦት ከቦንጋ ወደ ቢታ ገነት ልንሄድ ወጥተን ስለገጠመን ነገር ነው። እንደ እኛ አሮጌ የናፍጣ መኪና ይዛችሁ የምትኖሩ ሰዎች ብታነቡት ይጠቅማችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ ስለ መኪናችን ልናገር። ደብል ጋቢና ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። ኪሎሜትር ቆጣሪዋ አራት መቶ ሺህ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ቆሞ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደሄደች የሚነግረን ነገር የለም። ሞተሯ ፊት ለፊት የታይሚንግ ቺንጋ የሚባል ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ አለ። እሱ ከተበጠሰ ሞተሩ ውስጥ ያሉት ብረቶች ይጋጫሉ፤ ሞተሩም ያበቃለታል። ሊበጠስ ሲል ድምፅ አያሰማም። አባቴ ሌላ ሥራ የለውም፤ ቤታችን ውስጥ አምስት ሰው የሚበላው ከዚህች መኪና ነው።

ቺንጋው ከሁለት ዓመት በፊት ሲቀየር መካኒኩ ቆጣሪው መሞቱን አይቶ በመንገዳችን አሰላልን። «ሦስት መቶ ቢታ» አለ። ከቦንጋ ቢታ ገነት ደርሶ መልስ ሦስት መቶ ጊዜ ከሄደች ይቀየር ማለቱ ነው። የሺሺንዳ ደርሶ መልስ ከሆነ ሦስቱ አንድ ቢታ ይሆናል። መቁጠሩ የእኔ ሥራ ሆነ። ለአንድ ቢታ አንድ መስመር አሰምራለሁ። በዚያን ቀን ጠዋት ደብተሩ ላይ ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት መስመር ነበር። አዲሱን ቺንጋ መስከረም ላይ ጅማ ሄደን ልንገዛ ተስማምተን ነበር።

ማክሰኞ፣ ከቦንጋ ስንወጣ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ተነሣን። መኪናዋን የተኮናተሯት የማር ነጋዴዋ እትዬ አማረች ናቸው። ባዶ ጀሪካኖቻቸውን ከኋላ በገመድ አሰርን። ቢታ ገነት ላይ ማር የቆረጡ ገበሬዎች ይጠብቋቸዋል፤ እስከ ማታ ካልደረሱ ሌላ ነጋዴ ይወስደዋል። አባቴ ከዚያ በፊት የነበረውን ቀን ሙሉ የናፍጣ ሰልፍ ላይ ስለዋለ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እንደ ልማዱ ዘይቱን አየ፣ ውኃውን ሞላ፣ የማራገቢያውን ቺንጋ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ።

«ጋሽ ገብሬ፣ እንደዚህ ሲደባብሷት ለሚስትዎ አይነገርም» አሉ እትዬ አማረች።

«ሚስቴ ዘይት አትጠጣም» አለ አባቴ። ሳቀ፤ ወዲያው አዛጋ።

ዉሽዉሽ ስንደርስ የሻይ ቅጠሉ ማሳ በጉም ተሸፍኖ መንገዱ ብቻ ነበር የሚታየው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር እየተንሸራተትን ሄድን። ሺሺንዳ ላይ ወርደን ቁርስ በላን። ፍርፍሩ አንዱ መቶ ሃያ ብር ነው፤ ሥጋ ይኖረዋል ተብሎ አንድ ቁራጭ ብቻ ተገኘበት፣ እሱንም አባቴ ለእኔ ገፋልኝ። ገበያተኛው ገና መሰብሰቡ ነበር። ከአውቶቡስ የወረዱ ሰዎች ጫማቸውን በዱላ ከጭቃ ይጠርጉ ነበር።

ከሺሺንዳ በኋላ

ሺሺንዳን ለቀን ትንሽ እንደሄድን እትዬ አማረች በመስኮት ወደ አንድ ግቢ ጠቆሙ።

«እዚህ ቤት አምና ለቅሶ ደርሰን አልነበረም? ጋሽ ገብሬ፣ እግዜር ይስጥዎት። በዚህች መኪና ያልደረስኩት ለቅሶ የለም። የእህቴ ባል ሲሞት ቢታ ወሰዱኝ። ሰባቱን ደግሞ ወሰዱኝ። አርባውን ደግሞ። አክስቴ ስትሞት ማንኪራ ድረስ…»

«ታዲያ መኪና ያለው ሰው እንቢ ይላል?» አለ አባቴ።

እኛ ዘንድ እንደዚህ ነው። ሰው ሲሞት መኪና ያለው ሰፈሩን ጭኖ ይሄዳል፤ የሚከፍልም የሚጠይቅም የለም። እትዬ አማረች በጣታቸው መቁጠር ቀጠሉ። እኔ ግን ከማንኪራው በኋላ ያሉትን አልሰማኋቸውም።

አንዱንም ለቅሶ አልጻፍኩም ነበር።

እኔ ደብተሩን የማወጣው ከሥራ ስንመለስ ነው። ለቅሶ ሥራ አይደለም። ከለቅሶ ቤት መጥቶ፣ ያለቀሱ ሰዎች ገና ከመኪና እየወረዱ፣ ደብተር አውጥቶ መስመር ማስመር ነውር መሰለኝ። ስለዚህ ትቼዋለሁ። ትቼዋለሁ ብዬም አስቤ አላውቅም። አሁን በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። የቢታዎቹን፣ የማንኪራዎቹን፣ ሰባቱን፣ አርባውን፣ ሙት ዓመቱን። አርባ ቢታ ስደርስ መቁጠሩን ተውኩት። ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት ላይ አርባ ሲጨመር ከሦስት መቶ አልፏል።

ወዲያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። አፌን ስከፍት እትዬ አማረች ሌላ ወሬ ጀመሩ፤ እኔም በዚያ አመካኘሁ። አባቴ ለሰው ሁሉ «እኔ ቆጣሪ አያስፈልገኝም፣ ልጄ አለችልኝ» የሚል ሰው ነው። ደንበኛው ፊት እንዴት ላዋርደው? ሁለት ድልድይ ተሻገርን። አንድ ትምህርት ቤት አለፍን። እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ጥርሴን እነክሳለሁ። ከዚያ ዳገቱ ታየኝ፤ አባቴም ማርሽ ቀነሰና ሞተሩ ማጓራት ጀመረ።

«አባዬ፣ አቁም።»

በሞተሩ ጩኸት አልሰማኝም። ደገምኩት።

«ምን ሆንሽ? ሽንትሽ ነው?» አለ።

«ያ ፍርፍር ነው!» እትዬ አማረች ሳቁ።

«ቺንጋው ነው» አልኩ። «ለቅሶዎቹን አልጻፍኳቸውም።»

አባቴ መኪናዋን ከዳገቱ ሥር አንድ አጥር አጠገብ አስጠግቶ ሞተሩን አጠፋ። እጁን ከመሪው ላይ አላነሣም።

«የትኞቹን?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም?»

«አዎ።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ዳገቱን ያያል። ለመሄድ እንደፈለገ ገባኝ። እትዬ አማረችም አይተውታል።

«ጋሽ ገብሬ፣ ዛሬን ብቻ ደርሰን እንመለስ። እስከዛሬ ያልተበጠሰ ዛሬ ይበጠሳል? ገበሬዎቹ አይጠብቁኝም እኮ!»

አባቴ ወረደ። ኮፈኑን ከፍቶ የቺንጋውን ሽፋን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ። እኔ በስልኬ መብራት አበራሁለት። ቺንጋው ጀርባው ላይ ድርቅ እንደመታው ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ ጠርዙ ላይ ክሮች ወጥተዋል። አባቴ በጣቱ ነካና ጣቱን አየ።

«ከዚህ አትነሣም» አለ።

እትዬ አማረች ነጠላቸውን መሬት ላይ ጣሉ፤ መልሰው አነሡት። ከዚያ የሚያልፍ ሞተር ሳይክል አስቁመው አራት ጀሪካን ከኋላቸው አሳሰሩና ተቀመጡ። «አንቺ ልጅ» አሉኝ ሞተሩ ሳይነሣ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብለሽ ከርመሽ ዛሬ በእኔ ማር ላይ አፍ አወጣሽ!» ሄዱ። ልክ ነበሩ።

አካባቢው ኔትወርክ የለውም። ጎማና ባትሪ ተፈቶ እንዳይወሰድ መኪናዋን ትቶ መሄድም አይቻልም። አባቴ ያለውን ብር ሰጠኝና ከሞተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በደብተሩ አስጻፈኝ።

«ጅማ ሂጂ» አለኝ።

«እኔ?»

«ማን አለ ሌላ?»

ረቡዕ፣ ጅማ

ማክሰኞ ማታ በጭነት መኪና ቦንጋ ገብቼ ቤት አደርኩ፤ ለእናቴ መኪናዋ መቆሟን እንጂ ምክንያቱን አልነገርኳትም። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ወደ ጎጀብ ስንወርድ ሙቀቱ ጨመረ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው አስተማሪ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ሄደች፤ እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጅማ ገብቼ አውቃለሁ፣ ብቻዬን ግን አልነበረም። የመለዋወጫ ሱቆቹ ደጃፍ ላይ የቆሙት ወንዶች ብቻ ናቸው። አንዱን ሱቅ ሦስት ጊዜ አልፌው ሄድኩ። በአራተኛው ገባሁ።

«ምን ልታዘዝ እህቴ?» አለ ባለሱቁ።

«የታይሚንግ ቺንጋ።»

«የምን?»

ደብተሩን ገልጬ ቁጥሩን አሳየሁት። ከመስመሮቹ አጠገብ ስለነበር አየት አደረጋቸውና «እስር ቤት ነው የነበርሽው?» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅ መጣብኝ፤ የመንገድ ቆጠራ መሆኑን ነገርኩት። ሳቁን አቆመ። ሁለት ቺንጋ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

«ይኼ ርካሽ ነው። ይኼ ደግሞ ዋናው ነው፤ ስድስት ሺህ ብር። ለመሆኑ የመወጠሪያው ኩሽኔታስ? እሱ ነው ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘው። አብሮ ካልተቀየረ አዲሱን ይበላዋል።»

አባቴ ስለ ኩሽኔታ አልነገረኝም። ልጠይቀው ብደውል አይገኝም። የነበረኝ ብር ለዋናው ቺንጋ ይበቃል፤ ወይም ለርካሹና ለኩሽኔታው። ከኋላዬ የሚጠብቅ ሰው «ኧረ ወስኚ እህቴ» አለ። ዋናውን ቺንጋም ኩሽኔታውንም ስጠኝ አልኩና የጆሮ ጌጤን አውልቄ እንዲይዘው ጠየቅሁት። ባለሱቁ ጌጡን አየና መለሰልኝ። «ሌላ ጊዜ ስትመጪ የቀረውን ታመጫለሽ። እንደዚህ የሚቆጥር ሰው አይጠፋብኝም» አለ። የቺንጋውን ካርቶን ገልብጦም የሌሎቹን ዕቃዎች ስም በተራ ጻፈልኝ፤ የውኃ ፓምፕ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ካንዴሌታ፣ የፍሬን ሸራ። «ሁሉም ቀን አላቸው» አለ፤ «ሲሰበር ከምትሮጪ ሳይሰበር ጠይቂኝ።»

ያንኑ ቀን ተመልሼ ቦንጋ አደርኩ።

ሐሙስ፣ ከዳገቱ ሥር

ሺሺንዳ ላይ ተስፋዬ የሚባለውን መካኒክ ይዤ በሞተር ሳይክሉ ሄድን። አባቴ ሁለት ሌሊት ጋቢና ውስጥ አድሮ አንገቱ አልዞር ብሎታል። መኪናዋ አጥሩ አጠገብ የቆመችበት ግቢ ባለቤቶች ቆጮና ጎመን እያመጡለት ነበር፤ ከልጆቻቸው ጋር በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ ያወራል። እኔን ሲያይ መጀመሪያ ያየው እጄን ነበር።

«ሁለት ነው?»

«ኩሽኔታው አብሮ ካልተቀየረ አዲሱን ይበላዋል ተባልኩ።»

አባቴ ተስፋዬን አየው። ተስፋዬ አሮጌውን ፈታ። ኩሽኔታውን በጣቱ አዙሮ ለአባቴ ጆሮ አስጠጋለት፤ አሸዋ እንደገባበት ይፈጫል። ቺንጋውን ወደ ኋላ ቢያጥፈው ሁለት ጥርሶች ከሥራቸው ተነሡ።

«ቢታ እንደርስ ነበር?» አልኩት።

«ልትደርሱ ትችሉ ነበር» አለ። «መመለሱን እንጃ።»

ሞተሩ ላይ ያሉትን የመግጠሚያ ምልክቶች አስተካክሎ አዲሱን እስኪያስገባ ዝናብ መጣ። ሸራ ወጥረን ይዘን ቆምን። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሞተሩ ተነሣ። እንደዚያ ደስ የሚል ማጓራት ሰምቼ አላውቅም፤ ደስ ለማለት የሚሆን ጉልበት ግን አልነበረኝም።

እትዬ አማረችን እዚያው መንገድ ላይ ከቢታ ሲመለሱ አገኘናቸው። አራቱ ጀሪካን ሞልቷል፤ የቀረውን ማር ሌላ ነጋዴ ወስዶታል። ጋቢና ገብተው እስከ ሺሺንዳ አላናገሩኝም። ከዚያ «ለመሆኑ የእኔስ ለቅሶ ስንት ቢታ ተይዞለታል?» አሉ።

«እርስዎ ቦንጋ ነው የሚቀበሩት፤ አይቆጠርም» አልኩ።

አባቴ ዞሮ አየኝ። እትዬ አማረች እስኪያስላቸው ሳቁ።

ቤት

ቤት ስንገባ እናቴ «ምን ሆናችሁ ነው?» አለች። አባቴ «ቺንጋ ቀየርን» ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። የለቅሶዎቹን ነገር ሊነግራት እንዳልፈለገ አየሁ። እኔ ነገርኳት።

የተማርኩት ይህን ነው። መኪና ለቅሶና ሥራ አትለይም። በነፃ የሄደችውም፣ ለዘመድ የሄደችውም፣ ሊነገር የማያስፈልገውም ሁሉ ከዕድሜዋ ይቀነሳል። ብዙ የሄደች የናፍጣ መኪና ያላችሁ፣ ያልተከፈለበትን መንገድ ቁጠሩ። የተሳሳታችሁም እንደሆነ ዳገቱ ሳይጀምር ተናገሩ። እኔ ሁለት ድልድይ ዘግይቻለሁ።

ዓርብ ጠዋት አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይት ሲያይ አገኘሁት። አንገቱ አሁንም አልዞር ብሎታል። ባለሱቁ የጻፈበትን ካርቶን ከኪሴ አውጥቼ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ፣ ወደ እኔ ሳይዞር ተናገረ።

«ምህረት፣ እኔ ደክሞኛል፤ ሁሉንም ማስታወስ አልችልም። በይ ንገሪኝ፣ ቀጥሎ የሚያልቀው የቱ ነው?»