ከደብተሬ የተቀደደው ገጽ

መካነ ሰላም ስምንተኛ ክፍል ስማር፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ይዞን ወጣ። ድንቹን አረም ውጦታል። ጎንበስ ብሎ አንዱን አረም ከነሥሩ ነቀለና «ዊድ አውት ማለት ይኸው ነው» አለን። አርመን ስንጨርስ፣ እጃችን በጭቃ እንደተለወሰ፣ ክፍል ተመልሰን ቃሉ ለሰውም እንደሚነገር አስረዳን፤ የማይፈለገውን ከመካከል ለይቶ ማስወገድ።

«አንድ ዓረፍተ ነገር ስለ እርሻ፣ አንድ ስለ ሰው ጻፉ» አለ።

ስለ እርሻው ገብስ የሚያርመውን አባቴን ጻፍኩ። ሁለተኛው ግን አስቸገረኝ። በዚያው ሳምንት ታላቅ ወንድሜን ቀበሌ ጠርቶት አልተመለሰም። በየስብሰባው «የፀረ አብዮተኞች ምንጠራ» ሲባል እንሰማ ነበር። ቀበሌው ወንድሜን እንደ አረም ነቀለው ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ።

መምህሩ ደብተር እያየ ሲዞር እኔ ዘንድ ቆመ። አነበበ። ገጹን ቀስ ብሎ ቀደደና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

«አብሽሪ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በማግስቱ አንድ ካድሬ ሁለት ታጣቂዎች አስከትሎ ክፍላችን ገባ። ከተማው ውስጥ የተቃውሞ ወረቀት ተበትኖ ስለነበር የእጅ ጽሑፋችንን ሊያመሳክር ነው የመጣው። የኔ ደብተር ላይ ሲደርስ የተቀደደውን ጠርዝ አይቶ ቀና አለ።

«ይኼ ገጽ የት ሄደ?»



«እኔ ነኝ የቀደድኩት» አለ መምህሩ። «ስሕተት ነበረበት።»

«ስሕተት ይታረማል እንጂ ይቀደዳል እንዴ፣ ጓድ?»

ኪሱን ፈተሹት፤ ባዶ ነው። ዓይናችን እያየ ይዘውት ሄዱ። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

መምህሩ ወረኢሉ ታስሮ ከርሞ ክረምቱ ሲወጣ ተፈታ። አንድ ጆሮው መስማት አቁሞ ነበር። ስንት ቀን ፈርቼ ቆይቼ፣ እናቴ እንቁላል አስይዛ ስትልከኝ ቤቱ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን መናገር ነበረብኝ» አልኩት።

ደህነኛውን ጆሮውን ወደኔ አዙሮ «ምን አልሽ?» አለ። ጮክ ብዬ ደገምኩት።

«ብትናገሪ ሁለት እንሆን ነበር እንጂ እኔን አይለቁኝም» አለ። ከዚያ «ወንድምሽስ?»

«እስካሁን አልመጣም።»

ጋቢውን ለብሶ አብሮኝ ወጣ። መርዶ አልመጣልንምና ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ ሰውም መምጣቱን ፈርቶ ትቶናል። እሱ ግን ቤታችን ገብቶ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠ። እስኪመሽ ድረስ አብሯት ዋለ።