ማንንም የማይጎዳ ድምፅ

በሰኔ የመጨረሻው ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ካዛንቺስ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ የኮሌጆች እግር ኳስ ውድድር የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ሽልማት በደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ ለተቀመጠው ቡድን በረኛ ተሰጠ።

በማግስቱ የወጣው ዜናዬ ከዚህ ብዙም አይረዝምም ነበር። የበረኛው ስም፣ የኮሌጁ ስም፣ ዋንጫውን ያበረከቱት እንግዳ ስም፣ የኮከብ አሰልጣኙ ስም። ስህተት አልነበረበትም። ቆጠራውም ትክክል ነበር፤ ታዛቢ ሆኜ ስለተቀመጥኩ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን የምጽፈው በዜናው ውስጥ ቦታ ያልነበረውን ነው። ነገሩ የሚመለከታቸው ሰዎች ስማችን አይነሳ እንጂ ጻፈው ብለውኛል።

ውድድሩ ትንሽ ነው። ስምንት ኮሌጆች ይሳተፋሉ። አብዛኞቹ የራሳቸው ሜዳ ስለሌላቸው እየተከራዩ ቅዳሜና እሑድ ይጫወታሉ። ተመልካቹ የክፍል ጓደኛ፣ አልፎ አልፎ ወላጅ፣ ቆሎና ሶፍት የሚሸጡ ሴቶች ናቸው። እኔ ከትልቁ ሊግ ዘገባ ጎን ለጎን ለዓመታት የተከታተልኩት ለቢሮዬ ስለሚቀርብ ነው፤ ሌላ የተለየ ምክንያት የለኝም።

ሽልማቱ ግን ትንሽ አልነበረም። አንድ የከተማዋ ክለብ የዓመቱን ኮከብ ተጫዋች ለክረምቱ ዝግጅት ወስዶ ሊሞክረው ከአዘጋጆቹ ጋር ተስማምቶ ነበር። የሚወሰደው አንድ ሰው ነው። ሁለተኛ የወጣ አይወሰድም።

ይህን ቦታ ከማንም በላይ የሚፈልገው የአንዱ ኮሌጅ አምበል ነበር። ላንቻ ተወልዶ ያደገ፣ የሒሳብ አያያዝ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ አማካይ ተጫዋች። ኳሱ ሳይደርሰው በፊት ዞር ዞር ብሎ ያያል፤ ከደረሰው በኋላ ግን አያይም፣ ይሰጣል። የሰጠው ኳስ የሚሮጠውን ሰው እግር ሥር ይገኛል። በዚያ ውድድር ውስጥ እንደሱ የሚጫወት አላየሁም።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ጫማውን እየፈታ፣ «የተፈቀደልኝ እስክመረቅ ነው» አለኝ። «ከአባዬ ጋር ተስማምተናል። ክለብ ከገባሁ ገባሁ። ካልገባሁ በቃ፣ ክራቫት አስሬ ቢሮ።»

«ክራቫት ያምርብሃል» አለው አጠገቡ የተቀመጠ ተከላካይ። «ሜዳ ላይም እኮ እንደ ማናጀር ነው የምትቆመው፤ ሩጫውን ለኛ ትተህ።»

«የት መሮጥ እንዳለባችሁ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋላ!»

አሰልጣኙ የዚያው ኮሌጅ የስፖርት መምህር ነው። እኔና እሱ እኩያ ነን፤ በወጣትነታችን ለአንድ የሠፈር ቡድን ተጫውተናል። ተጫዋቾቹ ኮች ይሉታል፣ እኔም ከእነሱ ለምጄ ኮች እለዋለሁ። ያንን ልጅ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ አሰልጥኖታል፤ ስለሱ ሲያወራ «ልጄ» ይላል።

ኮከብ ተጫዋቹን የሚመርጡት ስምንቱ አሰልጣኞች ናቸው። እያንዳንዱ ሦስት ስም በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ የራሱን ተጫዋች መጻፍ አይፈቀድለትም። አንደኛ ላይ የተጻፈ አምስት ነጥብ ያገኛል፣ ሁለተኛ ሦስት፣ ሦስተኛ አንድ። ኮከብ አሰልጣኙን ደግሞ የስምንቱ ቡድኖች አምበሎች በዚያው መንገድ ይመርጣሉ።

ቆጠራው የተካሄደው አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ስታዲየም አካባቢ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው። ሁለት ከአዘጋጆቹ፣ አንድ እኔ። የአምበሎቹ ወረቀት ቀድሞ ተቆጠረ፤ ኮች በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ከዚያ የአሰልጣኞቹ ወረቀት መነበብ ጀመረ። የመጀመሪያው ላይ አንደኛ ሆኖ የተጻፈው የመጨረሻው ቡድን በረኛ ነበር።

«ቀልደኛ አይጠፋም» አለ አንባቢው ፈገግ ብሎ።

ሁለተኛው ወረቀት ላይም በረኛው። ሦስተኛው ላይ ሌላ ስም መጣ። አራተኛው ላይ በረኛው እንደገና ሲመጣ ፈገግታው ቀረ። ንባቡ ሲያበቃ በረኛው ሃያ፣ የላንቻው አማካይ አሥራ ሰባት ነጥብ ነበራቸው። የሻምፒዮኑ ኮሌጅ አጥቂ በአሥር ነጥብ ሦስተኛ ወጣ። እንደገና ቆጠርን። ያው ነው።

«በረኛው እኮ መጥፎ አይደለም» አለ ሁለተኛው አዘጋጅ። «ብዙ ኳስ አድኗል።»

«ብዙ ስለሚመታበት ነዋ!»

ፈርመን ወጣን። የታዛቢነቱ ደንብ ውጤቱ በአዳራሹ እስኪነገር ድረስ ዝም ማለት ነው።

በማግስቱ ወደ ሆቴሉ ስሄድ ኮችን መንገድ ላይ አገኘሁት። የፈረሱት ቤቶች በቆርቆሮ በታጠሩበት በኩል፣ በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ፣ በሙሉ ልብስ ቀስ እያለ ይሄዳል። ከኋላው አማካዩና አባቱ ጎን ለጎን ይመጣሉ። አባትየው ልጃቸው ሲጫወት አንድም ቀን አይተውት አያውቁም ነበር፤ ለሽልማቱ ግን ኮታቸውን ለብሰው መጥተዋል።

«ታዛቢው አንተ ነበርክ አይደል?» አለኝ ኮች ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ነበርኩ።»

«አልጠይቅህም።»

«አትጠይቀኝ።»

«ፊትህን ብቻ ልየው።» ቆሞ አየኝ። «አይ! ይኼ ፊት ለቅሶ ቤትም ሰርግ ቤትም አንድ ነው። ሚስትህ ግን እንዴት ቻለችህ?»

አዳራሹ ውስጥ ቀድሞ የተጠራው ኮከብ አሰልጣኙ ነበር። ኮች ዋንጫውን ተቀብሎ ማይክራፎኑን ያዘ።

«ማለቴ… እኔ ብዙ አላወራም። ይኼ ዋንጫ የልጄ ነው፣ እዚያ የተቀመጠው። አሁን ደግሞ የራሱን ሊወስድ ሲመጣ ታጨበጭቡለታላችሁ።»

ሰው አጨበጨበ። አማካዩ አንገቱን ደፋ። አባትየው የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

ከዚያ የበረኛው ስም ተጠራ። በረኛው ከመቀመጫው አልተነሳም። ጓደኛው በክርኑ ጎሰመው።

«አንተን ነው እኮ! ተነስ!»

«ተው ባክህ፣ አትቀልድ።»

ስሙ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ ግን ተነሳ። ከወደ ኋላ ሳቅ ተሰማ፣ ቀጥሎ ጭብጨባ። ቆሞ ያጨበጨበለት የመጀመሪያው ሰው አማካዩ ነበር። እኔ ከኋላቸው ስለተቀመጥኩ አባትየው የጠየቁትን ሰምቻለሁ።

«ይኼኛው ማነው?»

«በረኛ ነው አባዬ።»

«ጎበዝ ነው?»

«ጎበዝ ነው።»

ኮች አላጨበጨበም። ዋንጫው ጉልበቱ ላይ ነበር። በየጠረጴዛው የተቀመጡትን አሰልጣኞች አንድ በአንድ አያቸው። ሁለቱ የጠረጴዛውን ልብስ ሲያስተካክሉ አየሁ።

ሰኞ ጠዋት ደወለልኝ። ድሮ የምንቀመጥባት ካፌ ስለፈረሰች ከቢሮዬ ጀርባ ባለች ሌላ ካፌ ተገናኘን። ማኪያቶ አዘዘ፣ አልጠጣውም።

«በረኛውን ስንቶቻችን ነን የጻፍነው?»

«የሌሎቹን አልነግርህም።»

«የራሴን ልንገርህ። አንደኛ ብዬ የጻፍኩት እሱን ነው።» ማንኪያውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «የፈራሁት የሻምፒዮኑን አጥቂ ነበር። እሱን አንደኛ ብዬ ብጽፈው አምስት ነጥብ ለልጄ ተቀናቃኝ በእጄ ሰጠሁ ማለት ነው። ማንንም የማይጎዳ ስም ፈለግኩ። ይኼን በረኛ ማንም አይመርጠውም አልኩ። ደግሞ አያሳፍርም፣ ጥሩ ልጅ ነው። ሌሎቹም እንደኔ አስበው ነው፣ አይደል?»

ነጥቡ በዚያ ጠዋት በይፋ ተለጥፎ ስለነበር ነገርኩት። ሃያ፣ አሥራ ሰባት፣ አሥር።

«ከሃያው ላይ የኔን አምስት ስታነሳ…» አለና አቆመ። ከዚያ፣ «አጥቂውን አንደኛ ብዬው ቢሆንስ?» አለኝ።

«አሥር ላይ አምስት ነው።»

«አሥራ አምስት።»

«አዎ።»

«ልጄ ይበልጠው ነበር።»

«ይበልጠው ነበር።»

ማኪያቶው ላይ ስልባቦት ሠርቶ ነበር። ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ።

የበረኛው አሰልጣኝ ወረቀቱ ላይ የጻፈውን ለማንም አልደበቀም። እሱ ከሰንጠረዡ ግርጌ ስለነበረ ለኮከብነት ያሰበው ልጅ አልነበረውም። «የምጠብቀው ሰው የለኝ፣ ምርጡን ጻፍኩ» አለኝ። አንደኛ ያደረገው የላንቻውን አማካይ ነው።

ኮች አዘጋጆቹ ዘንድ ሄዶ ያደረገውን ተናገረ፤ ምርጫው እንዲደገም ጠየቀ። የተጣሰ ደንብ የለም ብለው መለሱት፤ እውነትም አልተጣሰም። ለልጁም ነገረው። ልጁ የሰጠው መልስ ከምንም በላይ እንደከበደው ኮች ራሱ አጫውቶኛል። «ለኔ ብለው ነው ኮች» ነው ያለው፣ ሌላ ቃል አልጨመረም።

በዚያው ሳምንት በረኛው ቢሮዬ መጣ። ረጅም፣ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው የሚቸግረው ልጅ ነው። ሽልማቱን ካገኘ ጀምሮ የገዛ ጓደኞቹ «በቀልድ የተመረጠው» እያሉ ይጠሩታል።

«ጋሼ፣ ቦታውን ለሱ መልቀቅ ይቻላል?»

«እኔ አላውቅም። የሚያውቀው ክለቡ ነው።»

ሄዶ ጠየቀ። የክለቡ ቡድን መሪ መልቀቅ የሚባል ነገር የለም አሉት፤ ሆኖም ያ አማካይ እንደምትለው ከሆነ ሐሙስ ጠዋት ይዘኸው ና፣ ሁለታችሁንም እናያለን ብለውት ወጣ። በዚያው ቀን ደውሎ ነገረኝ። «ይምጡና ይዩ ጋሼ» አለኝ።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ከመሆኑ በፊት ስታዲየም አጠገብ፣ የክለቡ አውቶብስ ተጫዋቾችን የሚያሳፍርበት ቦታ ደረስኩ። በረኛው ቦርሳውን አንግቶ ቆሟል። አማካዩ በታክሲ መጣ። ጂንስ ለብሷል፤ እጁ ባዶ ነው።

«ጫማህስ?» አለው በረኛው።

«አላመጣሁም።»

«አቦ ምን ሆነሃል? ሰውየው ሁለታችሁም ኑ ብለዋል እኮ!»

«የጠሩት አንተን ነው። እኔን ያስጠራኸኝ አንተ ነህ።»

«እና ምን ለውጥ አለው? ኳስ ስትነካ ሲያዩህ በቃ፣ አለቀ።»

«ሲያዩኝ በረኛው ያዘነለት ልጅ ነው የሚሉኝ።»

«ይበሉሃ! እኔንስ ምን እያሉኝ ነው? ጫማ ከሆነ የኔን ግባበት፣ እኔ ከተጠባባቂዎቹ እዋሳለሁ።»

«ያንተ ጫማ እኮ ጀልባ ነው» አለው አማካዩ፤ ሁለቱም ሳቁ። የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ሹፌሩ ሞተር አስነሳ። አማካዩ በረኛውን አቀፈውና ወደ አውቶብሱ በር ገፋ አደረገው።

«ግባ፣ ትቀራለህ።»

በረኛው ገባ። አማካዩ ወደ እኔ ዞሮ እጁን ዘረጋልኝ። «ይቅርታ ጋሼ፣ እርስዎንም አደከምንዎት» አለኝ። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ የላንቻ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆመ።

ይህን ከመጻፌ በፊት ሁሉንም አግኝቻቸዋለሁ። በረኛው ያን ጠዋት እጁን ይዞ ሊጎትተው ይገባ እንደነበር ይናገራል። «እኔ እኮ ጉልበት አለኝ» አለኝ። ኮች የኮከብ አሰልጣኝነቱን ዋንጫ ቤቱ አላስገባውም፤ ኮሌጁ ውስጥ፣ ኳሶቹና መረቦቹ በሚቀመጡበት ክፍል ነው ያለው። አማካዩን ያገኘሁት በምሳ ሰዓት ነው። ስለ ድምፁ ሳነሳበት ኮችን አትውቀሱት አለ። ስለ ሐሙሱም ጠየቅኩት።

«ያኔ ኩራት መስሎኝ ነበር» አለ። «ጫማዬ እኮ ታጥቦ በረንዳ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ከቤት ስወጣ አይቼው ነው ያለፍኩት። አሁን ቢሆን ይዤው እሄዳለሁ።»

«አባትህስ?»

«አባዬ ምንም አላለም። አንድ ቀን ብቻ፣ ቴሌቪዥን እያየን፣ አንተም እንዲህ ነበር የምትጫወተው? ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አልከው?»

«እንደዚያ ነገር አልኩት።»

የምሳ ሰዓቱ እያለቀ ስለነበር ተነሳን።

ክለቡ በረኛውን ለሦስት ሳምንት ካየው በኋላ አሰናበተው። አዘጋጆቹ በቀጣዩ ዓመት አሰልጣኞች የሚሰጡት ድምፅ በግልጽ እንዲሆን ደንቡን አሻሻሉ። ስምምነቱ በክለቡ በኩል ስላልታደሰ ግን በዚያ በቀጣዩ ዓመት የተመረጠው ኮከብ ለሙከራ አልተወሰደም። የላንቻው ልጅ ከሽልማቱ በኋላ በመጣው ነሐሴ ካዛንቺስ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ቡድን ተመዝግቦ አልተጫወተም።