የጎረቤቴ ቆርቆሮ

ጎረቤቴ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው በሰኔ ነው። ሴት ልጁ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ እሷ በላከችው ብር ነው። ቀለሙ ሰማያዊ ነው። የምንኖረው ከሰቆጣ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው፤ ቤቱ ሁሉ የድንጋይ ግድግዳና የሣር ክዳን ነው። በዚያ መካከል አንድ ሰማያዊ ጣሪያ ብድግ ሲል እንዴት እንደሚታይ አስቡት። ጧት ፀሐይ ስትወጣ መጀመሪያ እሱ ላይ ታርፍና ነጥራ እኔ ዓይን ውስጥ ትገባለች።

እኔ ቄስ ነኝ። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ ሳይሆን ነገሩን ስለሚያባብሰው ነው። ዐሥርቱን ትእዛዛት አስተምራለሁ፤ የሰው ንብረት መመኘትን የምትከለክለውን የመጨረሻዋን ደግሞ ጮክ ብዬ ነው የማስተምራት። ያን ክረምት ግን ከፈጣሪ ጋር ክርክር ገጠምሁ። ትእዛዙ ስለ ቤት፣ ስለ በሬ፣ ስለ አህያ ይናገራል እንጂ ስለ ቆርቆሮ ምን አለ? ጠበቃ ብሆን ያዋጣኝ ነበር።

ጎረቤቴ ክፉ ሰው ቢሆን በቀለለኝ። ደግ ነው። ተራዬ ባልሆነ ቀን ከሕዝቡ ጋር ቆሜ ሳስቀድስ፣ እርስ በርስ ሰላም ተባባሉ የሚባልበት ቦታ ላይ ሲደረስ ፈገግ ብሎ እጅ ይነሣኛል። እኔ ምሰሶውን እጅ እነሣለሁ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቆርቆሮው ያፈስ ይሆን እያልሁ ጆሮዬን አቆማለሁ። የሚያፈሰው የእኔ ቤት ነበር።

«ቄሱ» አለችኝ ሚስቴ አንድ ቀን፣ «የሰው ጣሪያ ስታይ አንገትህ ተጣሞ ሊቀር ነው።»

በጥቅምት ከሁለቱ በሬዎቼ ዳለቻውን ሰቆጣ ገበያ ነድቼ ሸጥሁና ቆርቆሮ በአህያ አስጭኜ ተመለስሁ። ቀይ ነው የመረጥሁት። ሰማያዊ ብገዛ ቀና ይሉኛል ብዬ።

«በሬው ያርስ ነበር» አለች ሚስቴ። «ይሄ ምን ሊያርስልን ነው?» ከዚያ በኋላ ያለውን በኽምጣኛ ቀጠለችው፤ ስትናደድ አማርኛው አይበቃትም።

ከቤቴ ጀርባ፣ ከክዳኑ ሥር፣ ከአባቴ የወረስኋቸው አምስት ቀፎዎች ነበሩ። የእኛ አገር ነጭ ማር የታወቀ ነው፤ የእኔ ደግሞ በመንደሩ ተወዳዳሪ የለውም ነበር። አናጢው ገና እንደመጣ ቀፎዎቹን አይቶ አንገራገረ።

«አባ፣ መጀመሪያ ማሩ ይቆረጥ። ንቡንም ወዲያ እናርቀው። መዶሻ አይወድም።»

«የኅዳር ሚካኤል ማኅበር በእኔ ቤት ነው» አልሁት። «እንግዶቼ ከቆርቆሮ ሥር ነው የሚቀመጡት። ምታ!»

መታ። በሦስተኛው ቀን ንቡ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ግማሹ አናጢውንና እኔን ነደፈን፤ አናጢው ከጣሪያው ዘሎ ወርዶ የት እንደገባ አልታየኝም። ጩኸታችንን ሰምቶ ጎረቤቴ የሚጨስ ኩበት ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ጋቢውንም አልብሶኝ እሱ ራቁት ክንዱን ተነደፈ። የቀረው ንብ ከላያችን ተሰብስቦ እንደ ጥቁር ደመና ዞረና ወደ ደሃና አቅጣጫ ኮበለለ። እሑድ አንድ ዓይኔ አብጦ፣ ከንፈሬ ተገልብጦ ቀደስሁ። የማኅበሩ ዕለት፣ ቀፎው ባዶ ነውና፣ እንግዶቼ ጠጅ ሲጠብቁ ጠላ ቀረበላቸው። ስለ ጣሪያው የተናገረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም «ይሞቃል» አለ።

ንስሐ አባቴ ሸምግለው ካንድ ገዳም የተቀመጡ መነኩሴ ናቸው። ሄድሁ።

«አባቴ፣ ቀናሁ» አልኋቸው።

«በማን?»

«በጎረቤቴ።»

«በምኑ?»

«በቆርቆሮው።»

አንገታቸውን ደፉ። አዝነውብኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቃቸውን እየዋጡ ነው።

«ልጄ፣ የሰከረ ሰው ቢያንስ ትንሽ ይዘፍናል» አሉኝ። «በቅናት ደስ ያለው ሰው ግን በዘመኔ አልገጠመኝም። አርባ ስገድ፤ ከዚያ ሄደህ ለራሱ ንገረው።»

«ስግደቱን መቶ ያድርጉትና መንገሩ ይቅርልኝ።»

«ለዚሁ ነው መንገሩን ያዘዝሁህ» አሉ።

ሰገድሁ። መንገሩን ግን እርሻ እስኪጀመር አቆየሁት። ያን ጊዜ ባንድ በሬ ማረስ እንደማይቻል መሬቱ ራሱ አስታወሰኝ። በመንደሩ አንድ በሬ ብቻ ያለውና ሊቀናጀኝ የሚችለው ማን ሆኖ ተገኘ? ጎረቤቴ። ስጠይቀው ቃሌን ሳልጨርስ «ነገ እንጀምር» አለ።

በሬዎቹን አሳርፈን ከድንበሩ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጥን ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ቤትህን ቆርቆሮ ስታለብስ ቀንቼብህ ነበር።»

«አውቃለሁ አባ» አለ እየሳቀ። «አገሩ ሁሉ ያውቃል።»

እኔም ሳቅሁ። እሱ ግን ሳቁን ቶሎ አቆመና መሬቱን በጅራፉ ጫፍ ይጭር ጀመር።

«ልጄ የምትደውለው ሽንት ቤት ገብታ ነው» አለኝ። «አሠሪዎቿ እንዳይሰሟት። ከሄደች ጀምሮ ከዚያ ግቢ ወጥታ አታውቅም። እናቷ ያን ጣሪያ ቀና ብላ አይታው አታውቅም። እኔም አላየውም።»

አንድ ክረምት ሙሉ ስመኝ የከረምሁት እንግዲህ ይህንን ነው።

«ሲቀድሱ ስሟን ያንሱልኝ» አለ፤ የክርስትና ስሟንም ነገረኝ።

በሰማንያ ቀኗ ያጠመቅኋት እኔ ነኝ። ያን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ረስቼው ነበር።

የእኔን ማሳ አብረን አርሰን ጨረስን፤ በማግስቱ የእሱን ጀመርን። ከዚያ ወዲህ ስሟን ሳልጠራ የቀደስሁበት ቀን የለም። እሷ ግን ገና አልመጣችም።