የውሃ አባት በወፍ ዋሻ

ከሸዋ ሮቢት ከመጡት ጎብኚዎች ሁሉ አስጎብኚዋን ሳምራዊትን ግራ ያጋቧት፣ ሽርጣቸውን አሸርጠው በነጠላ ጫማ ወፍ ዋሻ ደን ድረስ የወጡት ሽማግሌ ናቸው። ብርዱ ቢያንዘፈዝፋቸው የሾፌሩን ጃኬት ደረቡ፤ እጅጌው ጣታቸውን አልፎ ተንጠለጠለ። እሷ ስለ ጥዱ ዕድሜ ስታስረዳ የእሳቸው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤

"የኔ ልጅ፣ ውሃው የት ነው?"

ቆላ ላይ ለሽንኩርት ገበሬው የመስኖ ተራ የሚያከፋፍሉ የውሃ አባት መሆናቸውን የነገሯት ምንጩ ዳር ሲደርሱ ነው። ምልክት የተቀረጸበትን ዱላቸውን ነክረው ጥልቀቱን አዩ።

"ማሻአላህ! ታዲያ ይሄ ሁሉ እያለ ነው ታች ወንድማማች በአካፋ የሚፋለጠው?"

ወዲያው ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሊጠጡ ወረዱ። ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ። ባለ ጎፈሩ ወንድ ጭላዳ ሴቶቹን ገፍትሮ ሲቀድም ሽማግሌው ዱላቸውን አነሡ።

"አንተ! ተራህን ጠብቅ!"

ጎብኚው በሳቅ ፍርስ አለ። በኋላ ሾፌሩ ክላክስ ሲያደርግ ሁሉም ወደ መኪናው ሄደ፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

"ጋሼ፣ ጥሎን ሊሄድ ነው እኮ!" አለች ሳምራዊት።

"ጃኬቱ እኔ ጋ ነው፣ የት ይሄዳል? ያቺ ልጇን ያዘለችው ጭላዳ ገና አልጠጣችም።"