ዐዋጢፍ ያዋሰችው ስም

ዐዋጢፍን በደንብ አውቃታለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። አሶሳ ገበያ ባሚያ ይዛ ስትመጣ ከእሷ እገዛለሁ፤ ከዚያ ያለፈው ከራሷ በቁርጥራጭ የሰማሁትና አዋላጇ ሰገነት የነገረችኝ ነው። የተሻለ የሚያውቃት ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር። የሚጽፍ ግን አልተገኘም።

ዐዋጢፍ የተወለደችው ከሆሞሻ ወዲያ፣ ወንዙ ሲጎድል ሴቶች ወርቅ በሚያጥቡበት መንደር ነው። ከእናቷ ጎን ጎንበስ ብላ አሸዋ ስታጥብ አደገች። እዚያው መንደር ኻሚስ የሚባል ገበሬ አገባት። «በእጄ ያለፈው ወርቅ በእጄ ቢቀር ኖሮ፣ ኻሚስን መርጬ ሳይሆን አማርጬ ነበር የማገባው» እያለች ባሏ በተቀመጠበት ትቀልድ ነበር። ባሏም ለምዶት ነበር፤ ይስቃል።

የገበያ ቀን ሲሆን ዘንጉን ትከሻዋ ላይ ታጋድማለች፤ በአንዱ ጫፍ ባሚያ፣ በሌላው ማንጎ ይንጠለጠላል። አማርኛ የተማረችውም እዚያው ገበያ ላይ ነው። ቤቷ የሚነገረው በርታ ስለሆነ አማርኛዋ ሴቱን «እሱ» እያለ ይሄዳል። ገበያተኛው ይስቅባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

አምስት ልጆች ወልዳለች፣ ሁሉንም እቤቷ። «እኔ ስወልድ ኻሚስ እንኳ ከእንቅልፉ አይነቃም» ትል ነበር። የመጨረሻዋ ዐርዋ ናት። ዐርዋ የሚጥል በሽታ አለባት። አንድ ቀን ገንፎ በሚማሰልበት እሳት ላይ ወደቀችና የቀኝ እጇ ጣቶች ተጣብቀው ቀሩ። የጤና መድን ካርድ እቤታቸው የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ኻሚስ ማሽላ ሸጦ መዋጮውን ከፈለ፤ ዐዋጢፍ በየወሩ ጤና ጣቢያ ካርዱን እያሳየች የዐርዋን ክኒን ማምጣት ጀመረች። ክኒኑን ከጀመረች ወዲህ ልጅቷ አልወደቀችም። ዐዋጢፍ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልላ፣ እንደ ክታብ ከራስጌዋ ሰቀለችው።

አሁን ሳሊማ ትምጣ። ሳሊማ የኻሚስ ታናሽ ወንድም የጣሀ ሚስት ነበረች። ግቢያቸው አንድ ስለነበር የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ የደገፈቻት ዐዋጢፍ ናት። ልጁ ሞቶ ተወለደ። ከዚያ ደሙ መጣ፤ ምንጣፉን አልፎ መሬቱን አራሰው፣ አልቆም አለ። ሴቶቹ ለሚሞት ሰው የሚባለውን ሸሃዳ ሊያስብሏት ሲዘጋጁ በራሱ ጊዜ ቆመ። ሳሊማ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ግድግዳ ይዛ ነበር የምትራመደው።

ዓመት ሳይቆይ የወርቅ ጉድጓድ ተንዶ ጣሀን ቀበረው። ሽማግሌዎቹ «የወንድምህ ሚስት በረንዳ ለበረንዳ አትንከራተት» ብለው ለኻሚስ ዳሯት። ዐዋጢፍ ትናንት የደገፈቻት ልጅ ጣውንቷ ሆነች።

«አልቀናሁም ብል አላህ ይታዘበኛል» ትላለች ዐዋጢፍ። መጀመሪያ ላይ ምግቧን ወለሉ ላይ አስቀምጣላት ሳትናገር ትሄድ ነበር። ሳሊማ ግን ኩርፊያ የሚገባት ሴት አልነበረችም።

«ኡም ዐርዋ፣» ትላታለች፣ የዐርዋ እናት ማለቷ ነው፤ «ኻሚስ ማታ ማታ የሚያንኮራፋው ባንቺም ቤት ነው ወይስ ለእኔ ብቻ ያመጣው ስጦታ ነው?»

ዐዋጢፍ ላለመሳቅ ብትታገልም አልቻለችም። ከዚያ በኋላ ከአንድ ድስት መብላት ጀመሩ።

የመድኑ ደንብ ግን ድስት አያይም። ኻሚስ ሳሊማን ለማስጨመር ቀበሌ ሲሄድ ምዝገባውን የያዘው ኦመር ራሱን ነቀነቀ።

«አንድ ካርድ ለአንድ እማወራና ለልጆቿ ነው። ሁለተኛ ሚስት ሌላ ቤት ናት፤ ሌላ መዋጮ አላት። የምዝገባው ወርም አልፏል።»

«የምንበላው እኮ ባንድ ድስት ነው።»

«ድስት አልመዘግብም፣ ኻሚስ።»

በዚያ ክረምት ሳሊማ ነፍሰ ጡር ሆና ወባ ያዛት። ስትንቀጠቀጥ አልጋው አብሯት ይንቀጠቀጥ ነበር። ኻሚስ ወርቅ ፍለጋ ርቋል፤ ቤት ውስጥ ለመድኃኒት የሚሆን ነገር የለም። ዐዋጢፍ ካርዱን ከራስጌዋ አወረደች። ፎቶው ዝናብ ነክቶት ደብዝዟል።

«በዚህ ፎቶ የኻሚስን አህያ ብልክም ታክማ ትመለሳለች» አለች። «ሻሽሽን ወደ ግንባርሽ ሳቢው። ስምሽ ዐዋጢፍ ነው።»

ሳሊማ ታክማ ተመለሰች። ጤና ጣቢያው ግን የወባ በሽተኛ አክሞ ብቻ አልሸኛትም፤ ሆዷን አይቶ ለእርግዝናው ክትትል ቀጠራት፣ ያውም በዐዋጢፍ ማህደር። አሁን ስሙን ወደ ኋላ መመለስ አልተቻለም። በዚያው ሰሞን ኦመር በሰው ካርድ ሲታከም የተያዘ ሰው አግኝቶ ካርዱን ነጥቆ ነበር፤ የዚያ ሰው ቤተሰብ በሙሉ እስከሚቀጥለው ምዝገባ ከመድኑ ወጣ። መንደሩ ሁሉ ይህንን ያወራል።

ስለዚህ ዐዋጢፍ ሳሊማን ማንጎው ጥላ ሥር አስቀምጣ የራሷን ሕይወት ታስጠናት ጀመር።

«ስምሽ?»

«ዐዋጢፍ።»

«ስንት ወለድሽ?»

«አምስት።»

«ዕድሜሽስ?»

«ከጤና ጣቢያው አጥር ይበልጣል።»

«አንቺ! ካርዴን እቀማሻለሁ። ባልሽ ማን ነው?»

«ኻሚስ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ አንድ እውነት አገኘን።» ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ዐዋጢፍ ነርሶቹ እንደሚጠይቁት አድርጋ ቀጠለች፦ «ከዚህ በፊት ስትወልጂ ደም በዝቶብሽ ያውቃል?»

ሳሊማ ሳቋን አቆመች። «ይሄንንስ ምን ልበል?»

ዐዋጢፍ ጥቂት አሰበች። «እኔ በዝቶብኝ አያውቅም» አለች። «ማህደሩ የእኔ ነው። አንቺም የለም በይ።»

ምጡ የመጣው በጠዋት ነው። ሁለቱ ሴቶች እያረፉ፣ እየተደጋገፉ ጤና ጣቢያ ደረሱ። አምቡላንሱ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ሾፌሩ መስታወቱን ይወለውላል። ሰገነት በቅርቡ ከደጋ አገር ተመድባ የመጣች አዋላጅ ናት፤ በርታ አትችልም። ማህደሩን ገልጣ ጠየቀች። ሳሊማም ያጠናችውን ባንድ ትንፋሽ ለቀቀችው።

«አምስት ወለድኩ፣ ሁሉ ቤት፣ ሁሉ ደህና፣ ደም የለም።»

ሰገነት ሳቀች። «እንደ ዳዊት ደገምሽው እኮ!» ከዚያ ወደ ዐዋጢፍ ዞረች። «አንቺ እህቷ ነሽ?»

«አዎ ሲስተር። እህቴ ነው።»

«እንግዲያው አንቺም ንገሪኝ። እውነቷን ነው? ደም የሚበዛባት ከሆነ አሁኑኑ አሶሳ ልላካት። መኪናው ያውና ቆሟል። እዚያ የሚሰጥ ደም አለ፤ እዚህ የለም።»

ሳሊማ ቀና ብላ ዐዋጢፍን አየቻት። ዐዋጢፍ ያንን አስተያየት ብዙ ጊዜ ታነሳዋለች። ልመናም ቁጣም አልነበረበትም፤ የመልሱ ባለቤት አንቺ ነሽ እንደ ማለት ነበር። ዐዋጢፍ የራሰውን መሬት አስታወሰች። የዐርዋን የተጣበቁ ጣቶችም አስታወሰች። ኦመር ካርዱን ሲነጥቅ፣ ክኒኑ ሲያልቅ፣ ልጅቷ እሳቱ አጠገብ ስትቆም ታያት።

«እውነት ነው ሲስተር» አለች። «ሁልጊዜ ደህና ነው።»

ሰገነት ሳሊማን ደግፋ አስገባቻት። ትንሽ ቆይቶ ከሌላ ቀበሌ ተደወለና አምቡላንሱ ወጣ። ዐዋጢፍ አቧራው እስኪጠፋ ድረስ ቆማ አየችው።

ልጁ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ተወለደ። ወንድ ነው፤ ጩኸቱ ውጭ ድረስ ተሰማ። ዐዋጢፍ እልልታዋን ጀምራ ሳትጨርስ የሰገነት ድምፅ ተለወጠ። መርፌ አምጡ፣ ግሉኮስ ስቀሉ፣ አምቡላንስ ደውሉ የሚል ጥድፊያ መጣ። በሩ ሲከፈት ዐዋጢፍ ወለሉን አየች። ያንን ቀለም ታውቀዋለች። የከለከሏትን ገፍታ ገባች።

«ሲስተር፣ እሱ ዐዋጢፍ አይደለም! ዐዋጢፍ እኔ ነኝ! እሱ ሳሊማ ነው፤ ድሮም እንዲህ ፈሰሰበት፣ እኔ አየሁ!»

የሰገነት እጅ ከሳሊማ ሆድ ላይ አልተነሳም፤ መጫን አላቆመም። ዓይኗ ግን ዐዋጢፍ ላይ ተተክሎ ቀረ። «አሁን ነው የምትነግሪኝ?» አለች በቀስታ።

ሳሊማ ከንፈሯ ነጥቷል። በበርታ እንዲህ አለች፦ «ኡም ዐርዋ፣ ካርድሽን አበላሸሁብሽ።»

አምቡላንሱ ተመልሶ ሲመጣ ፀሐይ አዘንብላ ነበር። ሰገነትም፣ ሕፃኑን ያቀፈችው ዐዋጢፍም አብረው ወጡ። ሳሊማ የአሶሳን ቆርቆሮ ጣራዎች አላየችም፤ ከቀርቀሃው ጫካ ሳይወጡ ትንፋሿ ቆመ።

ሬሳውን ለመመለስ ሲሰናዱ ሰገነት የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ለማንም እንደማትናገር ሆና ተናገረች።

«ወሊድ እኮ ነጻ ነው። ካርድ አይጠየቅበትም። በራሷ ስም፣ ባዶ እጇን ብትመጣ አዋልዳት ነበር። አሶሳም እልካት ነበር።»

ዐዋጢፍ ይህንን ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። አማርኛው ከብዷት አልነበረም።

ካርዱንም ቢሆን አላዳነችው። ነገሩ ሲሰማ ኦመር መጥቶ ከራስጌዋ አውርዶ ወሰደው። «እኔ ብተወው እኔን ይጠይቁኛል» አላት፤ መሬት መሬት እያየ። ዐርዋ እስከሚቀጥለው ምዝገባ ያለ ካርድ ቀረች። ባሚያው በተሸጠበት ወር ክኒን አለ፤ ባልተሸጠበት የለም። በማይኖርበት ወር ዐዋጢፍ ልጅቷን በነጠላ ከወገቧ ጋር አስራ ነው ገንፎ የምታማስለው።

ሕፃኑን ኻሚስ በሟች ወንድሙ ስም ጣሀ ብሎ ሰየመው። ዐዋጢፍ የፍየል ወተት እያጠጣች ታሳድገዋለች። ውኃ በሚቀዳበት ቦታ ግን የሴቶቹ ምላስ አልተኛም። አንዲቱ ፊት ለፊቷ፣ «ሰው ጣውንቱን በመርዝ ይገድላል፤ አንቺ በስምሽ ገደልሽ» አለቻት። ዐዋጢፍ ጀሪካኗን ሞልታ ሄደች። ኻሚስ አንድም ቃል አልተናገራትም። እሷ ግን ይህ ከስድቡ እንደሚብስ ትናገራለች። ባሏ ፊት መቀለድም ትታለች።

በጋው ላይ ሰገነት ለሕፃናት ክትባት ወደ መንደሩ መጣች። ትንሹን ጣሀን ስትወጋው አለቀሰ፤ ዐዋጢፍ አቅፋ አባበለችው። ሌሎቹ እናቶች ከተበተኑ በኋላ ሰገነት ዐዋጢፍ ቤት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ማንጎ ተቆረጠላት፤ አልነካችውም።

«ደህና አድጓል» አለች።

«ይበላል። እንደ እናቱ ተንኮለኛ ነው፤ ሌሊት ይስቃል።»

«እኔም አልተኛም፣ ዐዋጢፍ። ሆዷን ዳስሼ እየሳቅኩ ነው ያለፍኳት። ስድስተኛዋ ነው ብዬ አመንኩ። ገና የልጅ ሆድ እኮ ነበር።»

ዐርዋ በነጠላው ጫፍ እየተጫወተች እግሯ ሥር ተቀምጣለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ሰገነት። «ለዐርዋ ብለሽ መሆኑን አውቃለሁ። ነግረሽኛል፤ አምኜሻለሁም። ግን ያን ጠዋት እዚያ የተኛችው ጣውንትሽ ባትሆን፣ የእናትሽ ልጅ ብትሆን ኖሮ፣ ያኔም ዝም ትይ ነበር?»

ዐዋጢፍ የሕፃኑን አፍ በነጠላዋ ጠረገች። የደረቀውንም፣ ያልደረቀውንም ደጋግማ ጠረገች። ከዚያ ሳህኑን ወደ ሰገነት ገፋ አደረገችው።

«ማንጎውን ብላ ሲስተር» አለች። «ይሄን አትጠይቀኝ።»