ሣሩ ላይ የዘረጋሁት ነጠላ

መጨረሻ አብረን የሠራነው ምስር መልቀም ነበር። ባለቤቴ ደምሴ ሰፌዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠጠሩን በጣቱ ሲገፋ፣ በላያችን አውሮፕላን አለፈ። ቀና አለና፣ «ነፋሱ ከወዴት ነው?» አለኝ። «ከምሥራቅ» አልኩት። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ይጠይቀኛል፤ እኔም እመልስለታለሁ። በሳምንቱ ቀበርነው። ከተዝካሩ በኋላ ልጆቼ ቤቱን ዘግቼ ባሕር ዳር እንድገባ ይለምኑኝ ጀመር። ትናንትም መጥተው፣ «እማዬ፣ ግትር ነሽ» አሉኝ። ግትርነቴ የዛሬ አይደለም።

በጃንሆይ ጊዜ፣ በተጋባን ዓመት፣ ደምሴ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ያለውን የአውሮፕላን ማረፊያ ይጠብቅ ነበር። ማረፊያ ልበለው እንጂ የከብት ግጦሽ ነው። ከፍ ብሎ የሚያይ ግንብ የለው፣ አብራሪዎቹን የሚያናግር ሬዲዮ የለው። ሲመጡ ሜዳውን በግራ በኩል ይዞራሉ፤ ሌላ ካለም ተከታትለው ይወርዳሉ። አውሮፕላን ነፋስን በፊቱ ይዞ ስለሚያርፍ፣ ደምሴ በነጭ ሸራ ቀስት ሠርቶ የሚያርፉበትን አቅጣጫ ሣሩ ላይ ያሳያቸዋል። ምልክቱ መስቀል ከሆነ ግን ማረፍ ክልክል ነው። ይህን ሁሉ የነገረኝ ማታ ማታ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ነው።

ኅዳር ነበር። ገብሱ ታጭዶ መንገዱ ነዶ በተጫኑ አህዮች ተሞልቷል። የአንበጣ መድኃኒት የሚረጭ ትንሽ አውሮፕላን ከጠዋት ጀምሮ ይመላለሳል። የአካባቢው ሹም፣ ምስለኔው፣ ደግሞ ከጎንደር በሌላ አውሮፕላን የሚመጣ እንግዳ ይጠብቁ ነበርና ሜዳው ዳር ዳስ አስጣሉ። ቀስቱን ሲያዩት እንግዳው ጀርባውን ለዳሱ ሰጥቶ የሚወርድ ሆነባቸው። ነውር ነው አሉ። ደምሴ ከማዶ ከብት ሊያባርር በሄደበት ሎሌያቸው ቀስቱን ወደ ዳሱ አዞረው።

እንግዳውን ሊቀበል ከተሰበሰበው ሰው ጀርባ ቆሜ ይህን ሳይ፣ ወዲያው የሁለት አውሮፕላን ድምፅ ሰማሁ። የአንበጣው አብራሪ ሜዳውን ስለለመደ ነፋሱ ሣሩን ወዴት እንዳስተኛው አይቶ እንደ ወትሮው ይወርዳል፤ እንግዳ የያዘው ቀስቱን አምኖ ከወዲያኛው ጫፍ ዝቅ ብሏል። ሜዳው መሃሉ ጉብ ስለሚል አይተያዩም።

ሮጬ የቀስቱን ጫፍ በእግሬ በታተንኩት። ሎሌው የቀረውን ረጅም ሸራ ረግጦ ቆመ።

«አንቺ፣ ማን ፈቀደልሽ?» አሉ ምስለኔው። «ዞር በይ!»

እሳቸውን እምቢ ማለት የደምሴን እንጀራ መንጠቅ እንደሆነ አውቃለሁ።

«ጌታዬ፣ መጀመሪያ እነዚያ ይትረፉ፤ ከዚያ ያሳስሩኝ» አልኩ። በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ነጠላዬን አውልቄ በሸራው ላይ አግድም ዘረጋሁት። መስቀል ሆነ።

ሁለቱም አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ተነሡ፤ ዳሱ በንፋሳቸው ተነቀለ። በግራ ዞረው ተከታተሉ። ደምሴ እያለከለከ ደርሶ ቀስቱን እንደ ነበረ አነጠፈና አንድ በአንድ ወረዱ።

ምስለኔው እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እንድጠይቅ አዘዙ። ቆሜ ቀረሁ። ወደ ደምሴ ዞረው፣ «ሚስትህን እዘዛት እንጂ» አሉት።

«ምን ብዬ ልዘዛት?» አለ። «ነገም ቢሆን ትድገመው።»

በማግሥቱ ከሥራው ተባረረና ወደ እርሻችን ተመለስን። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ነፋሱን መጠየቅ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። የሚጠይቀኝ ሳያውቀው ቀርቶ አይመስለኝም።

ልጆቼን ሸኝቻቸዋለሁ። ከቤቴ አልወጣም። አውሮፕላን ሲያልፍ ደጅ ወጥቼ ነፋሱን አያለሁ፤ ከዚያ ገብቼ ምስሬን እለቅማለሁ።