አባባና ሊቀመንበሩ ዛፍ ላይ

ከትናንት በስቲያ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ዛፍ ሲስል ሰማሁ።

አዎ፣ ዛፍ። ሳሉ የሰው ሳል ነው... የመጣው ግን ከላይ፣ ከቅጠሉ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንደራችን ከሚዛን ተፈሪ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። አምና «መንደር ምሥረታ» ተብሎ ቤቶቻችን ፈረሱና በመስመር ተሠሩ። ቤት ሲሰለፍ አይተን ዝም አልን። ዘንድሮ ደግሞ ተራው የቀፎ ሆነ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጋሽ ወልዴ ስብሰባ ጠሩና፣ «ጓዶች! ጫካ ለጫካ ተበታትኖ የሚኖር ንብ ለቁጥጥርም ለልማትም አይመችም። እያንዳንዱ አባወራ ቀፎውን ከየዛፉ አውርዶ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ያስረክብ!» አሉ።

ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። የእኛ ሽማግሌዎች ለማጨብጨብ ምክንያት አይፈልጉም።

ቀፎዎቹ ቁጥር ተጻፈባቸውና በአራት ረድፍ መሬት ላይ ተደረደሩ። ስብሰባው ላይ ያልተገኙት ንቦቹ ብቻ ናቸው። መሬት ላይ የተቀመጠ ቀፎ ጉንዳን እንደሚወረው እዚህ አገር ጥርስ ያላወጣ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግማሹን ጉንዳን ጨረሰው፣ የቀረው ንብ ጓዙን ጠቅልሎ ጫካ ገባ። ረድፉ ግን እንዴት ቀጥ ያለ መሰላችሁ!

አባባ አሥር ቀፎ አስረክቧል። «ሌላ የለህም?» ሲባል፣ ዓይኑን ሳያሽ «የለኝም» አለ። ሁለቱን ግን ከወንዙ ማዶ ረጅም ዛፍ ላይ ትቷቸዋል። ምን ያድርግ? የእህቴ የአስቴር ሠርግ ለመጪው እሑድ ነው። ቤታችን ጠጅ አይገባም፤ ሠርጋችን የሚደምቀው በብርዝ ነው። ብርዝ ደግሞ ማር ከሌለው ያው ውኃ ነው። ግን ከተያዘ ማሩ ይወረሳል፣ አባባም የልጁን ሠርግ ዘፈን የሚሰማው ከቀበሌው እስር ቤት ሆኖ ነው።

እና ከትናንት በስቲያ አባባ ገመዱን ታጥቆ ወጣ። እኔም ማሩን ሲያወርድልኝ ልቀበል ከሥር ቆምኩ። ችቦውን ለኩሶ ቀፎው ጋ ሲደርስ፣ ነፋሱ ጭሱን አንሥቶ ወደ ጎረቤት ዛፍ ወሰደው። ዛፉ የሳለው ያኔ ነው።

አባባ ክው አለ። ቅጠሉ ተገለጠ... ጋሽ ወልዴ! ካኪ ኮታቸውን ቅርንጫፍ ላይ ሰቅለው፣ በገመድ ከግንዱ ጋር ተጠፍረው፣ እስከ ክርናቸው ማር በማር ሆነው።

«ጓድ ሊቀመንበር... በሰላም ነው?» አለ አባባ።

«በሰላም ነው። ጥበቃ ላይ ነኝ። አንተስ፣ ጓድ?»

«እኔም... እርስዎ ብቻዎን አይጠብቁ ብዬ ነው።»

«ጋሽ ወልዴ፣ ክንድዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አልኩ ከታች።

«ዝም በይ አንቺ! ሽማግሌ ሲነጋገር ጣልቃ አይገባም!» አሉኝ ሁለቱም በአንድ ድምፅ። የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር እኔን መቆጣት ሆነ።

ቀድሞ የወረደ ማሩን እንደያዘ መሬት ላይ ይገኛል፤ ከላይ የቀረው ደግሞ «ያዝኩህ!» ይላል። ስለዚህ አንዳቸውም አልወርድ አሉ። ንቦቹ መቆጣት ጀመሩ።

«ቆይ፣ እርስዎ ማሩን ለምን ፈለጉት?» አልኩ።

ጋሽ ወልዴ በረጅሙ ተነፈሱ። «ነገ ከአውራጃ ጎብኚ ይመጣል። ‹የቀበሌውን ማር አሳዩኝ› ሊለኝ ነው። ረድፉ ውስጥ ያለው ጉንዳን ነው። ጉንዳን ላቅምሰው?»

አባባ ሳቁ አመለጠው። ጓድነቱም እርስዎነቱም አብሮት አመለጠ። «አንተ ወልዴ! ቀፎ መስቀል የተማርነው አብረን አይደለም? ንብ ቤቷን ራሷ መርጣ ነው የምትገባው። ከተስማማት ትሠራለች፣ ካልተስማማት ትሄዳለች። ንብን በመመሪያ ያስገባ ማን አለ?»

«አውቃለሁ እንጂ! ባላውቅማ ቀፎዬን ደብቄ እዚህ ዛፍ ላይ ምን እሠራለሁ?»



«እንግዲያው ልቁጠር» አልኩ። «ሦስት ስል ሁለታችሁም እኩል ትወርዳላችሁ። አንድ... ሁለት... ሦስት!»

ማንም ንቅንቅ አላለም። ሁለቱም ሌላው ሲወርድ ሊያዩ አንገታቸውን አስግገዋል። በድምሩ መቶ ዓመት የሚሞላቸው ሰዎች!

«እሺ፣ የጥበቃ ጓዶችን ልጥራና እነሱ ይቁጠሩላችሁ» ብዬ ጀርባዬን ሳዞር፣ ዱብ ዱብ ሲሉ ሰማሁ።

አንዱ የሌላውን ማር አየ።

«አላየሁህም» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«እኔም አላየሁህም» አለ አባባ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ?»

«እኔ ያየሁት ሁለት ሸምገል ያሉ ጉሬዛዎች ነው» አልኩ። አባባ ለዱላ ሲያጎነብስ ማሩን ተሸክሜ ሮጥኩ።

ጎብኚው ትናንት መጣ። «ንብ እፈራለሁ» ብሎ ወደ ባዶዎቹ ቀፎዎች ዝር አላለም። ከጋሽ ወልዴ ማር ቀመሰ፣ ጣቱን ላሰና፣ «ይኼ ነው የመደራጀት ፍሬ! ረድፉ በእጥፍ ይደግ! ቀፎ የቀረው ሁሉ አሁኑኑ ያስረክብ!» አለ። «ልክ ነው! ልክ ነው!» አሉ ሽማግሌዎቹ። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የጋሽ ወልዴ ድምፅ ነው።

የአስቴር ማር እናቴ ዘንድ ተቀምጧል፤ እሑድ ብርዝ አለን፣ አትጨነቁ።

ከስብሰባው ሲወጡ ግን አንድም ሽማግሌ ወደ ቤቱ አልሄደም። ሁሉም ቀፎውን ይበልጥ ከፍ ወዳለ ዛፍ ሊያዛውር ገመዱን በጋቢው ሸፍኖ ወደ ወንዙ ማዶ ተሻገረ... አሁን የምሰጋው ዛፍ እንዳያጥራቸው ብቻ ነው።